ቀምሶ መቀመም

ሰው ቤቴ ጠርቼ እያንዳንዱ የራሱን ሻይ እንዲቀምም ማድረግ ከጀመርኩ ቆየሁ። ጠረጴዛው ላይ ጦስኝ፣ ጠጅ ሳር፣ ናና፣ በሶብላ፣ ከርከዴ፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማና ቅርንፉድ ይደረደራሉ። እንግዳው ይመርጣል፣ ይለካል፣ ይቀምሳል፤ ሲሄድም የቀመመውን በጠርሙስ ይዞ ይሄዳል። ከሩቅ ሲያዩት ጨዋታ ይመስላል፤ ለእኔ ግን ሙያ ነው። ሙያው ካስተማረኝ ሁሉ የሚበልጥብኝም አንድ ነገር ነው፦ ብቻውን ያልቀመሱትን ከሌላ ጋር ማዋሃድ አይቻልም።

ስለዚህ እንግዶቼ እንደተቀመጡ መለኪያ ማንኪያ አልሰጣቸውም። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ለየብቻ አፍልቼ በቡና ስኒ አቀርባለሁ፤ ያለ ስኳር፣ ያለ ማር። ጦስኝን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጠጣ የኖረ ሰው እንኳ ያለ ስኳር ሲቀምሰው ዝም ይላል። መጀመሪያ ምላስን ሞቅ ያደርጋል፤ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ይቆያል፣ ቶሎ አይለቅም። ጠጅ ሳር ሽታው የሎሚ ነው፣ ጣዕሙ ግን አይኮመጥጥም። ይህን በምላሱ ያወቀ ሰው ሻዩ ኮምጠጥ እንዲልለት ጠጅ ሳር ላይ ጠጅ ሳር አይጨምርም፤ እጁን ወደ ከርከዴው ይዘረጋል። ኮረሪማና ሄልም እንዲሁ ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን በሌላው ቦታ ያስገባል፤ ጎን ለጎን ሲቀመሱ ግን ልዩነታቸው ግልጽ ነው።

የጋባዡ ዋና ሥራ እንግዶች ሳይመጡ የሚያልቅ ነው። ቅጠል የሚደርቀው በጥላ ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ቀለሙንም መዓዛውንም ይወስደዋል። መድረቁን በጣት አረጋግጣለሁ፤ ዘንጉ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተለመጠ ግን ውስጡ ገና እርጥብ ነው፣ ጠርሙስ ውስጥ ይሻግታል። ጦስኝ ስገዛ ከነሥሩ ያልተነቀለውን እመርጣለሁ። ይህ የደጋችን ተክል ከባሌ እስከ ሰሜን ተራሮች በዱር የሚለቀም ነው፤ ከላይ የታጨደ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ተነቅሎ የመጣ ግን ለከርሞ የለም።

ቀረፋና ቅርንፉድ በሙቀጫ ሰበር ሰበር ይደረጋሉ እንጂ አይደቁም። ዱቄት ከቅጠል ጋር አብሮ አይቆምም፤ ወርዶ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ብርጭቆ ቅጠል ብቻ፣ የመጨረሻው ቅርንፉድ ብቻ ይሆናል። ሁሉም ተቀራራቢ መጠን ሲኖረው፣ ከመጨለፉም በፊት ጠርሙሱ ሲነቀነቅ፣ እያንዳንዱ ማንኪያ እኩል ይደርሰዋል።

ማንም ማንኪያ ከማንሳቱ በፊት የምናገረው አለኝ። ጤና አዳምን ቡና ላይ ጣል ማድረግ የለመድነው ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ግን የጤና አዳም ሻይ መጠጣት የለባትም፣ ማህፀንን ያኮማትራል። ከርከዴ የደም ግፊትን ዝቅ ሊያደርግ ስለሚችል የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ይህን የምለው ለሁሉም ነው፤ ማንንም ነጥዬ አላይም። ማርገዟን ለማንም ያልተናገረች ሴት ከመካከላችን ልትኖር ትችላለች፤ ምሥጢሯ ሳይነካ ልትጠበቅ ይገባል።

ልኩን በተመለከተ ለጀማሪ የምሰጠው ቀላል ነው፤ ሦስት እጅ ለስላሳ፣ ሁለት እጅ ጠንከር ያለ፣ አንድ እጅ የሚያሞቅ። ለምሳሌ ሦስት እጅ ጠጅ ሳር፣ ሁለት እጅ ጦስኝ፣ አንድ እጅ የደረቀ ዝንጅብል። ቅርንፉድ በማንኪያ አይለካም፤ ለአንድ ብርጭቆ አንድ ፍሬ ይበቃዋል። የተጨመረው ሁሉ ወዲያው ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ያልተጻፈ ቅመማ አይደገምም።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ ቀላቀለ። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ጦስኝና ኮረሪማ ብቻ ነበር የያዙት። የእሱን ቀመሱና ስኒውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ የትኛው ነው የሚሰማህ?»

«ቅርንፉዱ፣ እማማ።»

«በል እሱን አውጣውና ደግመህ ቅመስ።»

አወጣው፤ ቀመሰ። በሶብላው አሁን ገና ብቅ አለ። ቀረፋውንም አወጣ፤ ናናው መጣ። በመጨረሻ ሦስት ነገር ቀረውና ጠርሙሱን ከደነ። እኔ አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ጋባዥ የራሱን ምላስ በእንግዳው ላይ መጫን የለበትም፤ እንግዳው በራሱ ምላስ የደረሰበት ሻይ ቤቱም ሄዶ ይፈላል፣ እኔ የቀመምኩለት ግን መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

አፈላሉም ከቅመማው አይለይም። ቅጠልና አበባ እሳት ላይ አይንተከተክም፤ የፈላ ውኃ ተደርጎበት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ተከድኖ። ክዳን ከሌለው መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል፤ ቤቱ ይሸታል፣ ብርጭቆው ባዶ ይቀራል። ቅርፊት፣ ሥርና ፍሬ ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መፍላት ይፈልጋሉ። ሁለቱን የቀላቀለ ሰው ቀረፋውንና ዝንጅብሉን በትንሽ ወረቀት ለብቻ ቢጠቀልል ይሻለዋል፤ እነሱን አስቀድሞ ያፈላል፣ ከእሳት ያወርዳል፣ ከዚያ ቅጠሉን ጨምሮ ይከድናል።

ሻይ ቅጠል ሳይገባባቸው የተቀመሙት እነዚህ ሻዮች ካፌይን የላቸውም፤ ማታ ቢጠጡ እንቅልፍ አይነሱም። ወተት አይሹም፣ ስለዚህ በጾም ቀንም እንግዳ ይጠራባቸዋል። ወጪያቸውም የከበደ አይደለም፤ አብዛኛው ከጓሮና ከገበያ ይገኛል።

እንግዲህ አንባቢዎቼ ለመጀመር ዘጠኝ ዓይነት መሰብሰብ የለባችሁም። ጦስኝ፣ ጠጅ ሳርና ዝንጅብል ግዙ፤ ጎረቤት ጥሩ፤ ሦስቱን ለየብቻ አቅምሱ። መቀላቀሉን ለእነሱ ተዉላቸው።