ማኅተሙና ሰሙ፦ ስለ አንድ የመካከለኛው ዘመን ዘይቤ

አንዳንዱ ዘይቤ ሐሳብን ያስጌጣል፤ አንዳንዱ ግን ሐሳብን ተሸክሞ ዘመን ያሻግራል። በምዕራብ አውሮፓ የመካከለኛው ዘመን ነገረ መለኮት ውስጥ የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ዋነኛ ምሳሌ ማኅተምና ሰም ነው። ሊቃውንቱን ያስጨነቃቸው ጥያቄ፣ ከሰው ውጭ ያለው ነገር በሰው አእምሮ ውስጥ ዕውቀት ሆኖ የሚገኘው እንዴት ነው የሚል ነበር። ቀለበት ቅርጹን በሰም ላይ እንደሚያትም፣ የነገሮችም ቅርጽ በአእምሮ ላይ ይታተማል የሚለው መልስ ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግሏል። ይሁን እንጂ ይህ መልስ አንድ ከባድ ጉድለት አለበት። ሰም የታተመበትን ቅርጽ ይይዛል እንጂ አያውቀውም። የዘመኑ አስተሳሰብ ብርታት የሚመዘነውም ዘይቤውን በመደጋገሙ ሳይሆን ይህን ጉድለት በተጋፈጠበት ሁኔታ ነው።

ዘይቤው ከግሪኮች የተወረሰ ነው። ፕላቶ «ቴአይቴቶስ» በተሰኘው ድርሰቱ በነፍስ ውስጥ ስላለ የሰም ገበታ ያነሣል፤ ትዝታም በዚያ ላይ የቀረ አሻራ ነው ይላል። አርስቶትል ደግሞ ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ነገሩን ያጠራዋል። ሰም የቀለበቱን ምልክት ይቀበላል፤ ብረቱን ወይም ወርቁን ግን አይቀበልም። የስሜት ሕዋሳትም እንዲሁ የነገሩን ቅርጽ ያለ ቁሱ ይቀበላሉ። ዛፍ የሚያይ ሰው በዐይኑ ውስጥ እንጨት አይበቅልበትም።

ሰምና ወርቅ በአንድነት ሲነሡ የአማርኛ አንባቢ ቅኔን ማስታወሱ አይቀርም፤ ስለዚህ ልዩነቱን ማጤን ይበጃል። በአንጥረኛው ሥራ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ ቦታውን ይወርሳል። በማኅተሙ ሥራ ግን ወርቁ ነክቶ ይሄዳል፤ የሚቀረው ሰሙ ነው። የቅኔ ሰም ተገልጦ የሚታለፍ ሲሆን፣ የነገረ መለኮቱ ሰም የተሰጠውን ይዞ የሚኖር ነው።

ለላቲኑ ዓለም ዘይቤውን ከመለኮት ጋር ካስተሳሰሩት አባቶች ዋናው ከ354 እስከ 430 እ.ኤ.አ. የኖረው አውግስጢኖስ ነው። ስለ ሥላሴ በጻፈው ታላቅ ሥራው፣ ክፉ ሰው እንኳ ፍትሕ ምን እንደሆነች የሚያውቀው ከወዴት አግኝቶ ነው ብሎ ይጠይቃል። በገዛ ኑሮው እንዳላገኛት ግልጽ ነው። መልሱም የፍትሕ ሥርዐት ከእውነት ብርሃን ወደ ሰው ልብ ይሻገራል፤ የቀለበት ምስል ወደ ሰም ሲያልፍ ቀለበቱን እንደማይለቅ ሁሉ፣ ይህም ሥርዐት ምንጩን ሳይለቅ ይሻገራል የሚል ነው። እዚህ ላይ ዘይቤው አዲስ ትርጉም አግኝቷል። ማኅተም ለሺህ ሰም ቢታተም አንዳች አይጎድልበትም፤ እውነትም ለሁሉ ተሰጥታ አታልቅም።

ይኸው አውግስጢኖስ በ389 እ.ኤ.አ. ገደማ «ስለ መምህር» በተባለው፣ ከልጁ ከአዴዎዳቱስ ጋር በሚያደርገው ውይይት መልክ በተዘጋጀው ድርሰቱ፣ ቃል ያመለክታል፣ ያሳስባል እንጂ ዕውቀትን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው አያሻግርም ሲል ይከራከራል። እንግዲህ በእርሱ ዘንድ ማኅተሙ የመምህሩ ንግግር አይደለም። እውነትን የሚያሳየው በውስጥ ያለው መምህር፣ ክርስቶስ ነው። በዚህም አውግስጢኖስ ሰውን ከሰው የዕውቀት ሎሌነት ነጻ አውጥቶታል። ነገር ግን ሰሙ ራሱ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቀው ጥያቄ ሙሉ መልስ አላገኘም።

ይህን ጥያቄ በጥልቀት የመረመረው በ1274 እ.ኤ.አ. የሞተው ቶማስ አኲናስ ነው። እርሱ በመላእክትና በሰው መካከል ድንበር ያሰምራል። መላእክት የሚያውቁባቸውን ቅርጾች ከተፈጠሩበት ጊዜ አንሥቶ በባሕርያቸው ይዘዋል። ለእነርሱ ዕውቀት ከፍጥረት ጋር የታተመ ማኅተም ነው። የሰው ነፍስ ግን አርስቶትል እንዳለው ያልተጻፈበት ሰሌዳ ናት። ማየት፣ መስማት፣ መዳሰስ አለባት። በዚህ ሁሉ ያገኘቻቸውን ምስሎች የሚያበራና ከእነርሱም ጠቅላላውን ሐሳብ የሚያወጣ ኃይል በውስጧ አለ፤ ይህም ሠሪው አእምሮ ይባላል። ስለዚህ የሰው አእምሮ ተቀባይ ብቻ አይደለም። የሚታተምበትን ቅርጽ ራሱ አዘጋጅቶ የሚቀበል እንግዳ ሰም ነው። እዚህ ላይ የጥንቱ ዘይቤ ተሰንጥቋል፤ መሰንጠቁም ለበጎ ነው።

ነገሩ የትምህርት ቤት ጨዋታ እንዳልነበረ በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ጠብ ይመሰክራል። ከ1126 እስከ 1198 እ.ኤ.አ. የኖረው የኮርዶባው ሊቅ ኢብን ሩሽድ አርስቶትልን ሲተረጉም፣ ተቀባዩ አእምሮ ለሰው ልጆች ሁሉ አንድ ነው ወደሚል ድምዳሜ ደርሶ ነበር። በፓሪስም እንደ ሲዤር ዘብራባንት ያሉ መምህራን ይህን አስተሳሰብ ተቀበሉ። ቶማስ በ1270 እ.ኤ.አ. በተለይ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ድርሰት ጻፈ። ክርክሩ በአንድ ግድግዳ ላይ ይመሠረታል። የግድግዳው ቀለም ምስል በተመልካች ዐይን ውስጥ ይገኛል፤ ሆኖም ግድግዳው ይታያል እንጂ አያይም። እንዲሁም አእምሮ ከሰው ተለይቶ የሚኖር አንድ ነገር ቢሆንና ሰው ምስሎችን ብቻ የሚያቀርብለት ቢሆን፣ ሰው የሚታሰብ ግድግዳ እንጂ የሚያስብ ፍጡር ሊሆን አይችልም። ይህ በዐይን የሚታየው ነጠላ ሰው ራሱ እንደሚያስብ ቶማስ አጥብቆ ይዟል። ሰው በገዛ አእምሮው ካላሰበ በገዛ ፈቃዱ አልሠራም፤ በገዛ ፈቃዱ ካልሠራም ምስጋናና ወቀሳ፣ ሕግና ፍርድ ሁሉ መሠረት ያጣሉ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የፓሪሱ ጳጳስ ኤትየን ታምፒዬ ያወገዛቸው 13 ዐረፍተ ነገሮች የሰው ሁሉ አእምሮ አንድ ነው የሚለውን ይጨምራሉ። በ1277 እ.ኤ.አ. የውግዘቱ ቍጥር 219 ደረሰ። ከቶማስ ክርክር ይልቅ የጳጳሱ ዘዴ ደካማ መሆኑን ልብ ይሏል። ሐሳብ በሌላ ሐሳብ እንጂ በውግዘት አይረታም።

ዘይቤው በመጨረሻ ከሊቃውንት ጉባኤ ወደ ቅኔ ተሻገረ። በ1321 እ.ኤ.አ. የሞተው ዳንቴ፣ ቶማስን ራሱን በገነት ውስጥ አቁሞ ስለ ማኅተምና ስለ ሰም ያናግረዋል። ፍጥረታት ስለምን ይለያያሉ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው ማብራሪያ ሰሙ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ዝግጅት የለውም፤ ተፈጥሮም ሙያውን እያወቀ እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ጥበበኛ ነች የሚል ነው። በዚህ ገለጻ ባለቅኔው ሊቃውንቱ ያልነኩትን የሙያ ሥቃይ አክሏል። በሐሳብ ፍጹም የነበረው ሥራ በእጅ ላይ ሲደርስ እንደሚጎድል እያንዳንዱ ጸሐፊ፣ እያንዳንዱ ቀራጺ ያውቀዋል። ነገር ግን አንድ ሐያሲ ዳንቴን ሊሞግተው ይችላል። ልዩነት ሁሉ የሰሙ ጉድለት ተደርጎ ከተቈጠረ፣ የአንዱ ፊት ከሌላው ፊት፣ የአንዱ ድርሰት ከሌላው ድርሰት የሚለይበት ጸጋ ወዴት ይመደባል? በዳንቴ ሥራ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንደዚያ ሕያዋን የሆኑት እያንዳንዳቸው አንዱን ማኅተም በየራሳቸው ሰም ስለተቀበሉ ነው። ቅኔው ከማብራሪያው በልጧል።

የዚህ ዘይቤ ታሪክ ለትምህርትም ሆነ ለኪነ ጥበብ የሚተወው መመዘኛ አለ። ቶማስ መምህርን ከሐኪም ጋር ያመሳስለዋል። ሐኪሙ የሚፈውሰው ተፈጥሮ ራሷ የምትሠራውን በማገዝ እንደሆነ ሁሉ፣ መምህሩም የሚያስተምረው የተማሪውን የገዛ አእምሮ በመርዳት ነው። በቃሉ ሸምድዶ የሚደግም ተማሪ ቅርጹን ይዟል፤ ዕውቀቱ ግን ገና ይቀረዋል። የሌላውን ድርሰት መልክ እንዳለ የሚቀዳ ደራሲም ከዚህ አይሻልም። ሁለቱም ሰም ሆነው ቀርተዋል። የመካከለኛው ዘመን ሊቃውንት ሰው ከሰም የሚበልጥ መሆኑን ያስረዱት ያንኑ የሰም ዘይቤ እስከ ወሰኑ ድረስ በመግፋት ነው፤ የአንድ ዘይቤ ጥቅምም እንዲህ ባለው ሥራ ይታወቃል።