መጀመሪያ 8.87ን እዩ

የሊቲየም-6 ጨረር ስስ የካርቦን-12 ሽፋን ሲመታ፣ አንዳንዱ ሊቲየም ከስድስት ኑክሊዮኖቹ አራቱን፣ ማለትም አንድ ሙሉ የአልፋ ቅንጣት፣ ለካርቦኑ ትቶ ያልፋል። ካርቦኑ ኦክስጅን-16 ይሆናል፤ የተረፈው ዲዩቴሮን ወደ ሲሊከን ዲቴክተራችን ይመጣል። በእጃችን የሚገባው የዲዩቴሮኑ ኃይልና አቅጣጫ ብቻ ነው። ኦክስጅኑ በየትኛው የኃይል ደረጃ ላይ እንደተፈጠረ የምናሰላው ከዚያ ተነስተን ነው።

ስፔክትረሙ ሲወጣ የሁሉም ዓይን በረጃጅሞቹ ጉብታዎች ላይ ያርፋል፤ በ6.92 እና በ10.36 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ባሉት። የረዘሙት በምክንያት ነው። የእነዚህ ደረጃዎች አወቃቀር ራሱ በካርቦን-12 ዙሪያ የሚዞር አልፋ ስለሚመስል፣ የመጣውን አልፋ ሳይበትኑ ይቀበሉታል። እኔ ግን አብረውኝ የሚሠሩትን ወጣቶች መጀመሪያ 8.87ን እዩ እላቸዋለሁ።

የዚያ ደረጃ ስፒን 2፣ ፓሪቲው ኔጋቲቭ ነው። አልፋም ሆነ ካርቦን-12 በዝቅተኛ ደረጃቸው ስፒን የላቸውም፤ ፓሪቲያቸውም ፖዘቲቭ ነው። ስለዚህ በአንድ እርምጃ የገባ አልፋ ለኦክስጅኑ የሚሰጠው የምሕዋሩን አንግላዊ ሞመንተም ብቻ ነው፤ ያም 2 ከሆነ ፓሪቲው የግድ ፖዘቲቭ ይሆናል። በቀጥተኛ ሽግግር 8.87 ላይ ምንም መታየት የለበትም ማለት ነው። ሆኖም ትንሽ ጉብታ ይታያል። ያቺ ጉብታ ሁለቱ ኒውክለሶች መጀመሪያ ተዋህደው፣ ወይም ካርቦኑ አስቀድሞ ተነቃቅቶ፣ በሌላ መንገድ የመጣ ድርሻ መኖሩን ትመሰክራለች። ተመሳሳይ ድርሻ በረጃጅሞቹ ጉብታዎች ውስጥም ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ይህን ሳይመረምር የቀረበ የአልፋ ስፔክትሮስኮፒክ ፋክተር፣ ማለትም ደረጃው ምን ያህል አልፋና ካርቦን እንደሚመስል የሚገልጽ ቁጥር፣ አላምንም።

ከዚያ ወዲያም ቢሆን ቁጥሩ ጠንካራ መሠረት የለውም። አልፋውን የሚይዘውን የፖቴንሻል ጉድጓድ ራዲየስ ትንሽ ስናሰፋው ውጤቱ ይለወጣል። ራዲየሱን የምንመርጠው ደግሞ እኛው ነን።

ለከዋክብት ጥያቄ የተሻለ መንገድ አለ። ሂሊየም በሚነድበት ኮከብ ውስጥ ካርቦን አልፋ ይዞ ኦክስጅን የሚሆንበትን ፍጥነት በእጅጉ የሚወስኑት 6.92 እና 7.12 ላይ ያሉት ደረጃዎች ናቸው። ሁለቱም አልፋና ካርቦን ከሚለያዩበት ከ7.16 በታች ናቸው፤ ሁለተኛው በ45 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ። ኮከቡ የሚነካው የሞገድ ፈንክሽናቸውን ጭራ ነው፤ ከኒውክለሱ ውጭ ርቆ የተዘረጋውን ክፍል። በ1999 ብሩንና ባልደረቦቹ የጨረሩን ኃይል ከኩሎምብ ግድግዳ በታች አውርደው ሽግግሩን ለኩ። በዚያ ኃይል ኒውክለሶቹ ተራርቀው ስለሚተላለፉ፣ የሚለካውም ያው ጭራ ነው። የጉድጓዱ ራዲየስ ጣጣ አብዛኛው ይቀራል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የማደንቀው ሐሳብ የለም።

እነሱ ሊቲየም-6ንም ሊቲየም-7ንም ተጠቅመዋል፤ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። በሊቲየም-6 ውስጥ አልፋና ዲዩቴሮን የተያያዙት በ1.47 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ከግድግዳው በላይ ስንሠራ በቀላሉ ይሰበራል፤ ዲዩቴሮኖቹም በጉብታዎቹ ሥር ይነጠፋሉ። በሊቲየም-7 ውስጥ አልፋና ትሪቶን በ2.47 ተያይዘዋል፤ አንዱ በሌላው ዙሪያ የሚዞርበት ሁኔታም የተለየ ነው። አቀባዩ ሲለወጥ የማይለወጥ ውጤት ስለ ኦክስጅኑ የሚናገር ነው ብዬ እቀበለዋለሁ። በሁለቱም መለካት የጨረር ሰዓት ይበላል፤ ሰዓት ሲደለደል ግን መጀመሪያ የምከራከረው ለዚህ ነው።