ልጅቷ የታለች?

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ነው። ዶርም ውስጥ የላይኛው አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ ስልኬን ደረቴ ላይ አቁሜ፣ አንድ አጭር አኒሜሽን እያየሁ ነበር። የታችኛው አልጋ ላይ የሚተኛው ልጅ ብድግ አለና አንገቱን አስግጎ አብሮኝ ማየት ጀመረ። ቀይ ፀጉር ያለው ልጅ ዛፍ ላይ ተደብቆ ሰው ይጠብቃል፤ ልቡ ድው ድው ትላለች። ጓደኛዬ ፈገግ ብሎ "ልጅቷስ የታለች?" አለኝ።

"ትመጣለች" አልኩት። ከዚያ ስክሪኑን አጠፋሁና በኔትወርክ አሳበብኩ።

ልጅቷ እንደማትመጣ አውቅ ነበር። ፊልሙን ሳየው ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

ስሙ "ኢን ኤ ኸርትቢት" ይባላል። ኢስቴባን ብራቮ እና ቤት ዴቪድ ፍሎሪዳ ባለው ሪንግሊንግ ኮሌጅ ለመመረቂያ የሠሩት ነው። ኪክስታርተር ላይ 3,000 ዶላር ጠይቀው ከ14,000 በላይ አገኙ። ጁላይ 31 ቀን 2017 ዩቲዩብ ላይ ጫኑት፤ በኋላም ለኦስካር እጩነት በተለዩት 10 አጫጭር አኒሜሽኖች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የሚገርመው፣ ሐሳቡ ሲጠነሰስ ታሪኩ የወንድና የሴት ነበር። ጓደኛዬ የጠበቃት ልጅ አንድ ሰሞን እውነትም ነበረች ማለት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። ሸርዊን ጆናታንን ይወደዋል፣ ግን አይናገርም። ጆናታን መጽሐፍ እያነበበ፣ ፖም ወደ ላይ እየወረወረ ሲያልፍ፣ የሸርዊን ልብ ከደረቱ ዘላ ትወጣና ትከተለዋለች። ሸርዊን ሊይዛት ይሮጣል። እኛ "ልቡ ሸፈተ" እንላለን። ይሄን ቃል ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሲሸፍት ያየሁት ግን እዚህ ፊልም ላይ ነው። የሸፈተ ሰው ባለቤቱን ትቶ ጫካ ይገባል። ይቺ ልብ ደግሞ ባለቤቷን ትታ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ሰው መሀል።

ፊልሙ አራት ደቂቃ ገደማ ነው፣ አንድም ቃል የለበትም። ብዙ ሰው ይሄን የሚያደንቀው "ለሁሉም አገር ይገባል" ብሎ ነው። ለእኔ ምክንያቱ ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ "እወድሃለሁ" እና "እወድሻለሁ" አንድ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ የተባለው ሰው ማን እንደሆነ መደበቅ ይቻላል። አማርኛ ግን ግሱ መሀል ላይ አንዲት ፊደል ቀርቅሮ ያጋልጥሃል፦ ወይ "ሃ"፣ ወይ "ሻ"። ስለ ራስህ ለማውራት የምታገኘው ቃል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ስድብ ነው ወይ የክስ ቋንቋ። እኔ "ትመጣለች" ስል የዋሸሁት በአንዲት "ት" ነው። ሸርዊን ቢናገር ኖሮ ዶርማችን ውስጥ አማርኛ መናገር ነበረበት፤ ዝም ስላለ ነው አብሬው መቀመጥ የቻልኩት።

ፊልሙን የላከችልኝ ውጭ አገር የምትኖር የልጅነት ጓደኛዬ ናት። እሷ ኮስፕሌይ ትሠራለች፤ ፎም ቆርጣ፣ በሙቅ ሙጫ አጣብቃ፣ ቀለም ቀብታ የአኒሜ ገጸ ባሕርያትን ትለብሳለች። ብዙ ጊዜ የምትመርጠው ወንዶቹን ነው። "ያን ቀን ሁሉም ፎቶ ላንሳሽ ይለኛል፤ በማግስቱ ያንኑ ሆኜ ባቡር ላይ ብወጣ ግን ያፈጡብኛል" አለችኝ። ኮስፕሌይ ኮንትሮል ዜድ አለው። ሰው ከጠየቀህ "ገጸ ባሕርይ ነው" ትላለህ፤ ማታ ታወልቀዋለህ። ልብ ግን አይወልቅም። ፊልሙ በጣም የሚያስፈራኝ ኮሪደሩ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ተማሪዎቹ ዞር ብለው ያፈጣሉ፣ ሸርዊን ልቡን ከጆናታን ሊያላቅቅ ይጎትታታል፣ እሷም ለሁለት ትሰበራለች። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም አልመታውም። የሰበራት ራሱ ነው፣ ዓይን ፈርቶ።

ጉድለቱን ሳልናገር አላልፍም። ጆናታን ሰው ሳይሆን ሽልማት ነው፤ ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚፈራ አናውቅም። መጨረሻ ላይ ግማሿን ልብ ይዞ ሲመጣ "መቼ ወሰንክ?" ብዬ መጠየቅ ፈልጌ ነበር። ያፈጠጡት ልጆችም የት እንደገቡ ሳይነገረን ያልቃል። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ላለበት አገር ተመልካች፣ ኮሪደሩ በአራት ደቂቃ አያልቅም።

ቢሆንም ያ ቸኮል ያለ መጨረሻ ይጠቅመኛል። ከእኛ የሚጠበቀው ልብን ሆድ ውስጥ መቅበር ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብለን እንኖራለን። ፊልሙ ደግሞ የተሰበረ ነገር ሌላው ሰው እጅ ላይ ግማሹ ሊኖር ይችላል ይላል። ግን ያ ሰው እንዲመጣ መጀመሪያ ልቧ መውጣት ነበረባት።

የዶርም ጓደኛዬ አሁን ትዳር ይዟል፣ አልፎ አልፎ እንደዋወላለን። ያን ፊልም ረስቶት ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። ልጅቷ አትመጣም ወንድሜ። ጠብቀህ ከሆነ ይቅርታ።