እውነተኛ ድምፅ ለየትኛው ቤት? (ስለ ስፒከር ሙግት ጥቂት ትችት)

በመኝታ ክፍላችን የተነሣው ሙግት አሁንም አልበረደም። «ዘፋኙን ቤትህ ድረስ አምጥቶ የሚያስቀምጥልህ ስፒከር የትኛው ነው?» ነው ነገሩ። አንዱ ወገን የክሊፕሽን ቀንድ፣ ሌላው የኳድን ሥሥ ገበታ ይዞ ይሟገታል። እኛም ባለፈው ጽሑፋችን ከቀንዱ ወገን ነበርን። ለማኅበራችን መሣሪያ መግዣ የተዋጣው ገንዘብ ገና አልወጣምና፣ ከመውጣቱ በፊት ቃላችንን ማረም ግድ ሆነብን። ያረሙን ደግሞ የጎሬ ዝናብና አንዲት እናት ናቸው።

ባለፈው ክረምት ጎሬ ነበርን፤ በዚያች ጥንት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ በነበረችው ደጋ ከተማ። ስለ ዝናቧ ለኢሉባቦር ልጅ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ያረፍንበት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዲ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ከ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ 11ኛውን፣ የዓለሙ አጋን በገና፣ ከሞባይል በሽቦ ወደ አሮጌ አምፕሊፋየር አገናኘን። ሁለቱን ባለ ሳጥን ስፒከሮች ከየማዕዘኑ አስጠግተን ለቀቅነው። የቤቱ እመቤት ከጓዳ ብቅ አሉና «ምነው ልጆቼ፣ በገናው ዋርካ አከለ እኮ!» አሉን። ሳቅን። ግን ትችቱ ልክ ነበር። ስፒከሮቹን ከግድግዳው ሁለት ክንድ አራቅን፣ ድምፁንም ቀነስን። እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀመጡ። «አሁን ሰው ሆነ» አሉና እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

ምን ተፈጠረ? ማዕዘንና ግድግዳ ወፍራሙን ድምፅ ያበረታሉ፤ በገናውን ያገዘፈው ይኸው ነው። በገና ደግሞ 10 አውታሮቹ በእንዚራው እየነዘሩ፣ ዝግ ባለ ድምፅ ለአንድ ቤት ጸሎት የሚበቃ መሣሪያ ነው። ከተፈጥሮው በላይ ሲጮኽ በገናነቱ ይጠፋል።

እንግዲህ በዚህ መለኪያ ሦስት የታወቁ አሠራሮችን እንይ። ጎን ለጎን አስቀምጠን አልሰማናቸውም፤ የምንተቸው ሐሳባቸውን ነው።

የመጀመሪያው ፖል ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1946 ኩባንያ አቋቁሞ ያወጣው ክሊፕሽሆርን ነው። ቀንድ ስለሆነ በጥቂት ኃይል ብዙ ይጮኻል፤ ለነሐስ መሣሪያና ለከበሮ አቻ የለውም የሚሉት ወገኖች ከንቱ አልተናገሩም። ነገር ግን የቀንዱን አፍ የሚጨርስለት የክፍሉ ማዕዘን ነው። ጠንካራ ማዕዘንና ሰፊ ክፍል ይሻል። አራት በአራት በሆነች ክፍል ምን ይዋጠው?

ሁለተኛው የፒተር ዎከር ኳድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ የቀረበው። ሳጥን የለውም። በከፍተኛ ቮልት የተሞላ ሥሥ ፕላስቲክ በኤሌክትሪክ ጉልበት ይርገበገባል። ሳጥን ስለሌለው የሳጥን ጉርምርምታ የለበትም፤ የሰውን ድምፅ ጥርት አድርጎ ይሰጣል። ዳሩ ግን ወደ ኋላም ስለሚያሰማ ከግድግዳ መራቅ አለበት። ራሱም መብራት ይፈልጋል፤ አቧራና እርጥበት አይወድም። እርጥበት አይወድም ያልነውን ጎሬ ወስደን ማቆም ቅጣት እንጂ ምርጫ አይደለም።

ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የእንግሊዙ ቢቢሲ ያወጣው ኤልኤስ 3/5ኤ ነው። ትንሽ ሳጥን ናት። የተሠራችው ለስርጭት መኪና፣ ማለትም ቦታ ለሚጠብበት ክፍል ነው። ጥልቁን ወፍራም ድምፅ አትደርስበትም፤ የበገናው ታችኛ አውታር ክብደት ይቀንስባታል። ይህን አንደብቅም። የሰው ድምፅ ግን እንዳለ ይመጣል። ከሦስቱ እንደኛ ያለውን ጠባብ ክፍል አስቦ የተሠራው እሷ ብቻ ናት።

«ታዲያ የአምሃ እሸቴን የ1969 (እ.ኤ.አ.) ሸክላዎች፣ ያን ሁሉ ጡሩምባ፣ በትንሽ ሳጥን?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው፤ ባንዱ በአካል ቢመጣስ ክፍሉ ይችለዋል ወይ? ለባንድ አዳራሽ አለ። ቤት ውስጥ እውነት መስሎ የሚሰማው ቤት ውስጥ ሊቀመጥ የሚችለው ነው፤ በገና፣ ክራር፣ ማሲንቆ፣ የአንድ ሰው ድምፅ።

ደግሞም ጆሮ በቀላሉ ይታለላል። ከ1915 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኤዲሰን ሰዎች በጨለማ አዳራሽ ዘፋኝና ሸክላ እያፈራረቁ ተመልካቹን «መለየት አልቻልንም» አሰኝተውት ነበር። ዘፋኞቹ ድምፃቸውን ከሸክላው ጋር ያመሳስሉ እንደነበር የተሰማው በኋላ ነው። ስለዚህ «ልክ እንደ እውነቱ ነው!» የሚል ምስክርነት ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ማን አለ? በየትኛው ክፍል? በምን ያህል ጩኸት? ብለን እንጠይቅ።

ሐሳባችንን እንደምድም። በተዋጣው ገንዘብ ትልቅ ቀንድ ይገዛ ያልነውን አንስተናል። መጠነኛ ባለ ሳጥን ስፒከር ከነማቆሚያው ይገዛ። በሚተርፈው ጥሩ ማይክሮፎንና መቅረጫ ይግዙና በጎሬ፣ በመቱና በበደሌ ያሉ ደርዳሪዎች በየቤታቸው ይቀረጹ። ያልተቀዳን ሰው ውዱም ስፒከር አያመጣውም፤ አዛውንቶቹ ደግሞ እኛን አይጠብቁም።

አንድ ነገር ይቀራል። በዚያች ቀን በገናው ሳያልቅ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው ሁሉን ዋጠው። ድምፁን ልንጨምር እጃችንን ስንሰድ እመቤቲቱ «ተዉት፣ ያባራል» አሉን። አጥፍተን ቡና ጠጣን፤ ሲያባራ ካቆምንበት ቀጠልን። የቀንዱ ወገን መልስ ካለው ይጻፍ፤ የሚቀጥለው እትም ገጽ ክፍት ነው።