የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጥንካሬና ድክመት፤ ሚዛኑ ራሱ ሲመረመር

ስለ ካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲነሣ ሥርዓቱ፣ የመምህራኑ ትጋትና የተማሪዎቹ የፈተና ውጤት አስቀድሞ ይወደሳል። ውዳሴው መሠረተ ቢስ አይደለም። ይሁን እንጂ ውጤቱ ከትምህርት ቤቱ ሥራ የመነጨ ነው ወይስ ሕፃኑ ከቤቱ ይዞት የመጣ? ይህ ሳይለይ የሚሰጥ ፍርድ ዕቅድ አውጪውን ያሳስታል፤ በአነስተኛ አቅም የሚደክመውን የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርም ያለአግባብ ያስወቅሳል።

የአሜሪካ ልምድ ለዚህ አብነት ይሆናል። ጄምስ ኮልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተሙት ጥናት የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመንግሥቶቹ የላቀ ውጤት እንደሚያስገኙ በመግለጻቸው ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ቶድ ኤልደርና ክሪስቶፈር ጄፕሰን የአንደኛ ደረጃውን መርምረው፣ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሕፃናት በአማካይ የተሻሉ ቢሆኑም ብልጫው ከተማሪዎቹ አስቀድሞ የነበረ ልዩነት የመጣ መሆኑን፣ በሒሳብ እንዲያውም የትምህርት ቤቶቹ ተጽዕኖ ወደ ታች ያዘነበለ መሆኑን አመለከቱ።

በሀገራችን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የካቶሊክ ምእመናን ከመቶ አንድ እንኳ አልሞሉም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ታዲያ የልዩ ልዩ እምነት ልጆችን አብረው ማስተማራቸው እውነተኛ ጥንካሬ ነው። ድክመቱ የሚታየው በመግቢያ ፈተናና በክፍያ ተማሪ በሚመረጥበት ቦታ ነው። ማንበብ የቻለን ሕፃን ተቀብሎ አንባቢ አድርጎ ማሳለፍ፣ ፊደል ያልቆጠረውን ተቀብሎ ለዚያው ከማብቃት ጋር እኩል ሊቈጠር አይገባም። በገጠር የድኻ ገበሬ ልጆችን የሚያስተምረውንም ከከተማው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይሆንም።

እንግዲህ ምዘናው ከማለፊያ ነጥብ ባሻገር ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይኖርበታል። ሕፃኑ ሲገባ ምን ያውቅ ነበር? ከገቡት መካከል እስከ 8ኛ ክፍል የዘለቁት ስንት ናቸው? ወደ ኋላ የቀረው ምን እርዳታ አገኘ? እነዚህ ጥያቄዎች ለመንግሥትም ሆነ ለሚሲዮን ትምህርት ቤት በእኩልነት ሲቀርቡ፣ በእርግጥ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ተለይቶ ይታወቃል፤ አሠራሩም ለሌላው ትምህርት ይሆናል።