የጎደለው ቃል የማን ነው?

«ድር ቢያብር … ያስር» የሚል ድንጋይ መሃሉ ተሸርፎ ቢገኝ፣ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ክፍተቱን በ«አንበሳ» ይሞላዋል። ቀራጩ ተረቱን ጠምዝዞ «ንጉሥ» ብሎ ቢሆንስ? የእኛ ቃል እውነት ከመምሰሉ የተነሣ የሰውዬው ሐሳብ እንደተቀበረ ይቀራል።

ያኒስ አሳኤል፣ ቲያ ሶመርሺልድና ባልደረቦቻቸው በ2022 እ.ኤ.አ. በ«ኔቸር» መጽሔት ያስተዋወቁት «ኢታካ» የተባለ የቋንቋ ሞዴል ሥራው ይኸው ነው፤ በድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጥንታዊ የግሪክኛ ጽሑፎችን ክፍተት ይሞላል፣ ዘመናቸውንና አካባቢያቸውን ይገምታል። ውጤቱ የሚናቅ አይደለም። በሙከራው የታሪክ ባለሙያዎች ብቻቸውን 25 በመቶ፣ ሞዴሉ ብቻውን 62 በመቶ በትክክል ሞሉ፤ ባለሙያዎቹ በሞዴሉ ሲታገዙ 72 በመቶ ደረሱ። እኔን ይበልጥ የማረከኝ ግን አቀራረቡ ነው፤ አንድ መልስ ደንግጎ አይቀመጥም፣ 20 አማራጮችን ከነዕድላቸው ይዘረዝራል።

ድክመቱ ከጥንካሬው ይመነጫል። የከተማ ውሳኔና የመቃብር ጽሑፍ የተለመደ ሐረግ ስለሚደጋግሙ፣ በእነርሱ ዘንድ ልማድ ሁነኛ ፍንጭ ነው። ፈላስፋ ጋ ሲደርስ ግን ያሳስታል። በዛሬዋ ቱርክ ደቡብ ምዕራብ፣ በኦይኖአንዳ፣ ዲዮጌነስ የተባለ የግሪኩ ፈላስፋ የኤፒኩረስ ተከታይ በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ፍልስፍናውን በግንብ ላይ አስቀርጾ ነበር፤ አማልክትንም ሞትንም አትፍሩ እያለ። ግንቡ ፈርሶ ድንጋዮቹ ለሌላ ግንባታ ዋሉ፤ ለእኛ የደረሰን ቁርጥራጭ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ክፍተት አማልክትን ከሚለማመኑ ጎረቤቶቹ በተዋሰ ቃል የሚሞላ ሞዴል፣ ያልተቀበለውን እምነት በአፉ ሊያስገባለት ይችላል።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። የጥንት ጽሑፍ አርታኢዎች ግምታቸውን በማዕዘን ቅንፍ ያጥሩታል። ቅንፉ «ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሟቹን አትጠይቁት» የሚል የሐቀኝነት ፊርማ ነው። ጽሑፉ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ቅንፉ ከወደቀ፣ ግምት ማስረጃ ሆኖ ያድራል፤ ተከታዩ ሞዴልም ከእርሱ ይማራል። ስሕተቱን የሠራው ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ማን ያውቃል?

ስለዚህ «ኢታካ»ን እንደ ረዳት እቀበለዋለሁ። «አንበሳ» ይበል፤ ቅንፉ ግን አይነሣ። ከዝርዝሩ ግርጌ፣ በ20ኛው ተራ ላይ «ንጉሥ» ካለም ማንም እንዳይሰርዘው።