አቋራጭ ቁልፎችና የመዋቅር ንድፍ፤ በቪዚዮ ላይ የቀረበ ሂስ

የመዋቅርና የሥራ ሂደት ንድፎችን በኮምፒዩተር ለማዘጋጀት ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበውና በ2000 በማይክሮሶፍት ይዞታ ሥር የገባው ቪዚዮ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፕሮግራሙን ማስተዋወቅ ሳይሆን አቋራጭ ቁልፎቹን በትምህርት ዓይን መመርመር ነው።

በመሠረቱ የአቋራጭ ቁልፍ ጥቅም የእጅን ምልልስ መቀነስ ነው። መሣሪያ ለመለወጥ በየጊዜው ማውሱን ወደ ገጹ ራስጌ የሚወስድ ሰው ዓይኑም ሐሳቡም ከንድፉ ይነጠላል። ኮንትሮልን ተጭኖ 8ን የመታ ግን አራት ማዕዘን ለመሣል ይዘጋጃል፤ 3ን ቢመታ ማገናኛ መሥመሩን፣ 1ን ቢመታ መምረጫውን ያገኛል። ኤፍ2 በተመረጠው ሣጥን ውስጥ ለመጻፍ ያስችላል። ኮንትሮልን ይዞ ሣጥኑን በማውስ በመጎተት አንድ ቅጂ ካወጡ በኋላ ኤፍ4ን ደጋግሞ መምታት፣ ተከታዮቹን ቅጂዎች በእኩል ርቀት ይደረድራል። አሥራ ሁለት ክፍሎች ያሉትን መሥሪያ ቤት ለሚነድፍ የዕቅድ ባለሙያ ይህ በቀላሉ የሚታይ ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ጉድለቱም ሊነገር ይገባል። ለማባዛት የተመደበው ዲ እና ለማቧደን የተመደበው ጂ የእንግሊዝኛ ቃላቱ መነሻ ፊደላት ስለሆኑ ቋንቋውን ለሚያውቅ ይታወሱ ይሆናል። በ8 ቁጥርና በአራት ማዕዘን መካከል ግን ምን ዝምድና አለ? እንዲህ ያለውን ዝርዝር በወረቀት አባዝቶ ማደልና በቃል መፈተን ማስተማር ሊባል አይችልም። ከዚያ ይልቅ አምስት ቁልፎችን ብቻ መርጦ ከአንድ ሥራ ጋር ማያያዝ ይመረጣል፤ ለምሳሌ ሠልጣኞቹ የተማሪ ምዝገባን ሂደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይንደፉበት።

ከዚህ የሚብሰው ጉዳይ የፍጥነቱ ነው። ኤፍ4 እኩል ሣጥኖችን ይደረድራል እንጂ ክፍሎቹ በሥልጣን እኩል መሆናቸውን አያውቅም። ርእሰ መምህሩና ተጠሪዎቹ በአንድ ረድፍ የቆሙበት ንድፍ፣ በአምስት ደቂቃ ቢያልቅም፣ ተጠያቂነትን የሚያደበዝዝ ሰነድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ንድፉን ለማረም የሚጠፋው ጊዜ በቁልፎቹ ከተረፈው ሊበልጥ ይችላል።

ስለዚህ መምህራንም ሆኑ የዕቅድ ባለሙያዎች አስቀድመው ማን ለማን ተጠሪ እንደሆነ በእርሳስ ይጻፉ፤ ቁልፎቹን የሚጠቀሙት ከዚያ በኋላ ይሁን።